ስሙ 4070፣ ቻርጀሩ 130 ዋት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የአርክቴክቸር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እስካሁን ስኬችአፕና ሬቪት የሚባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች ይበቁኝ ነበር፤ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ግን ፕሮጀክቶቻችንን ሉሚየን በሚባለው ፕሮግራም ሬንደር አድርገን፣ ማለትም ፎቶ ወደሚመስል ሥዕል ቀይረን፣ እንድናቀርብ ታዘናል። ያለኝ ላፕቶፕ ሉሚየንን መክፈት እንኳ አቅቶታል። ቤተሰቦቼ ገንዘብ አሰባስበው ሰጥተውኛል፤ ከዚህ በኋላ እስክመረቅ ድረስ ሌላ መግዛት አይታሰብም። ሦስት ላፕቶፖች መርጬ መቁረጥ አቃተኝ። አንደኛው በጣም ቀጭን፣ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ፣ አርቲኤክስ 4070 የተባለ ግራፊክስ ካርድ እና 16 ጊጋባይት ራም ያለው ነው፤ ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። ሁለተኛው ወፍራም፣ ፕላስቲክ፣ ከነቻርጀሩ ሦስት ኪሎ የሚያልፍ፣ አርቲኤክስ 4060 እና እሱም 16 ጊጋባይት ራም ያለው ነው፤ ዋጋው ከመጀመሪያው በሩብ ያንሳል። ሦስተኛው ቀላልና የሚያምር ነው፣ ስክሪኑም ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ዋጋው ከሁለተኛው ጋር እኩል ነው። ጓደኞቼ «4070 እያለልሽ 4060 መግዛት ገንዘብ መጣል ነው» ይሉኛል። በየቀኑ ይዤው ነው የምመላለሰው። የትኛውን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሌላ መግዛት አይታሰብም» ያልሽው ነገር ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ይከብዳል። የአንድ ዓመት ዕቃ እየመረጥሽ አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት በየቀኑ የሚከፈት፣ የሚዘጋና ቦርሳ ውስጥ የሚንገላታ ዕቃ ነው የምትመርጪው። መልሴንም ከዚያ አንጻር ተመልከቺልኝ።

ሦስተኛውን ቶሎ እንተወው። ሉሚየን ሥራውን የሚሠራው በግራፊክስ ካርድ ነው፤ የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ ከሌለ ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢያምር የምታይበት ሥራ አይኖርም። ሬቪት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር፤ ሬቪት ከግራፊክስ ካርድ ይልቅ ፈጣን ፕሮሰሰርና በቂ ራም ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጓደኞችሽ የሚያወዳድሩት ስም ነው። ላፕቶፕ ላይ የግራፊክስ ቺፕ ስም የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ቺፑ በስንት ዋት ይሠራል የሚለው ነው። የቺፖቹ ሠሪ ኤንቪዲያ 4060ንም 4070ንም ለላፕቶፕ ሲያወጣ ለአምራቾች የተወላቸው ክልል አንድ ነው፦ ከ35 እስከ 115 ዋት። በዚህ ውስጥ የፈለገውን የሚወስነው ላፕቶፑን የሚሠራው ድርጅት ነው። የሚወስነው ደግሞ እንደ ሰውነቱ ነው፤ ቀጭን አካል ሙቀት ማውጣት ስለማይችል ቺፑን በዝቅተኛ ዋት ያሠሩታል፣ ወፍራሙን ይለቁታል። ሣጥኑ ላይ ያለው ተለጣፊ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

4070ው በውስጡ 4,608 የስሌት ክፍሎች አሉት፣ 4060ው 3,072። ስለዚህ በእኩል ዋት ቢሠሩ 4070ው እንደሚቀድም ጥርጥር የለውም። ግን 4070ው በ50 ዋት ታፍኖ፣ 4060ው በሙሉ 115 ዋቱ ቢሠራ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ረጅም ሬንደር ላይ ርካሹ ሊቀድምም ይችላል። ያን ጊዜ ለትልቁ ስም የጨመርሽው ገንዘብ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የሚሆነው።

ሌላም አለ፤ እሱ ለአንቺ ሥራ የበለጠ ይመስለኛል። ሉሚየን ውስጥ ዛፍ፣ ሣር፣ ሰው፣ መኪና እየጨመርሽ ስትሄጂ ሁሉም የሚጫነው በካርዱ የራሱ ሜሞሪ ላይ ነው። ሜሞሪው ሲሞላ ወይ ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል ወይ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ እዚያ ላይ የቺፑ ፍጥነት አያድንሽም። የላፕቶፑ 4060 ሜሞሪ 8 ጊጋባይት ነው። የላፕቶፑ 4070ስ? እሱም 8 ጊጋባይት ነው። 12 ጊጋባይት ያለው የዴስክቶፑ 4070 ነው፤ ጓደኞችሽ ያነበቡት ስለ እሱ ከሆነ የተለየ ዕቃ እንደሆነ ንገሪያቸው። በሁለቱ ላፕቶፖች ላይ የምትጭኚው የዛፍ ብዛት እኩል ነው።

ዋቱን እንዴት ታውቂያለሽ? አንዳንድ አምራቾች በዝርዝሩ ላይ ይጽፉታል፣ ብዙዎቹ አይጽፉትም። ላፕቶፑ ተከፍቶ ካገኘሽው ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ገብተሽ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ክፈቺ፤ ከፍተኛው የግራፊክስ ኃይል በዋት ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ካልተከፈተልሽ ደግሞ ማንም ሊከለክልሽ የማይችለው መንገድ አለ፤ ቻርጀሩን ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። «አውትፑት» ከሚለው አጠገብ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ ቮልትና አምፒር። አባዢያቸው። 20 ቮልት በ6.5 አምፒር ከሆነ 130 ዋት ነው። 20 በ11.5 ከሆነ 230 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ ፋኖቹና ባትሪው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ቻርጀሩ 130 ዋት የሆነ ላፕቶፕ ግራፊክሱን በ115 ዋት እያሠራ ፕሮሰሰሩንም በደንብ ሊያበላው አይችልም፤ ከየት አምጥቶ? ስለ ቀጭኑ በላክሽልኝ ዝርዝር ላይ የቻርጀሩ ዋት 130 ተብሏል፣ ስለ ወፍራሙ 230። ከስማቸው በላይ የሚነግረኝ ይኸ ነው።

ባትሪ ላይ ሆነሽ ደግሞ ሬንደር አታስቢ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከሶኬት ሲነቀል ግራፊክሱን በእጅጉ ዝቅ ያደርገዋል።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥራት። ሰው ግራፊክስንና የአካል ጥራትን ሁለት ለየብቻቸው የሚመዘኑ ነገሮች አድርጎ ያያቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ላፕቶፕ ስጠግን የተማርኩት አንድ መሆናቸውን ነው። አንድ ጊዜ የቪዲዮ ኤዲተር የሆነ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ሲከፈት ፈጣን ነው፣ አሥር ደቂቃ ሬንደር ካደረገ በኋላ ይሞታል» አለኝ። ፕሮሰሰሩን ስለካው 98 ዲግሪ ላይ ነበር። ሆዱን ፈታሁት። ከፋኑ የሚወጣው አየር ቀጫጭን የመዳብ ክንፎች መካከል ማለፍ ነበረበት፤ በፋኑና በክንፎቹ መካከል ግን አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ወፍራም ግራጫ ንጣፍ ሠርቷል። በወረንጦ ጫፍ ይዤ ስስበው ሳይበጠስ አንድ ላይ ወጣ፤ የክንፎቹ መስመሮች ሁሉ ታትመውበታል። ልጁ ቆሞ ነበር፣ ዓይኑን ማመን አቃተው። አጸዳሁት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት፣ ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ቅባት፣ ቀየርኩለት፤ በዚያው ሬንደር ላይ ከ80 ብዙም ፈቅ አላለም፣ ፍጥነቱም ተመለሰ። ቺፑ ምንም አልሆነም ነበር። መተንፈስ ነው ያቃተው።

ስለዚህ የትኛውንም ስታዪ መጀመሪያ ገልብጪው። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ሰፊ ናቸው? እግሮቹ ከጠረጴዛው በቂ ከፍታ ይሰጡታል? የታችኛው ክዳን በተለመደው ብሎን ተፈትቶ ፋኑ ጋ መድረስ ይቻላል ወይስ ብሎኖቹ በጎማ እግሮቹ ሥር ተደብቀዋል? በየዓመቱ ልታጸጂው ነው፤ የማይፈታ ላፕቶፕ የማይጸዳ ላፕቶፕ ነው።

ቀጥሎ ማጠፊያው፣ እኛ ሂንጅ የምንለው። እጄ ላይ ከወደቁት ሁሉ ከቺፕ መቃጠል ይልቅ በማጠፊያ መሰበር የመጡት ይበዛሉ። አበላሹን ልንገርሽ። ማጠፊያው ብረት ነው፤ የሚታሰረው ግን ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበሩ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም በማይበልጡ የናስ ቀለበቶች ላይ በሚገቡ ብሎኖች ነው። ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ ፕላስቲኩ ደካማ ሲሆን ክዳኑን በከፈትሽ ቁጥር ናሱ ፕላስቲኩን ይጎትታል። መጀመሪያ ክዳኑ ሲዘጋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ ጥግ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትታያለች። አንድ ቀን ናሱ ከነብሎኑ ተነቅሎ ይወጣል፣ የስክሪኑ ኬብልም አብሮ ይበጠሳል። የራሴ የመጀመሪያ ላፕቶፕ በሁለተኛ ዓመቱ የሞተው እንዲሁ ነው። ያጠራቀምኩትን ሁሉ አፍስሼ የገዛሁት ነበርና ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ፕላስቲክ ነው ብለሽ ግን ወፍራሙን አትናቂው፣ ብረት ነው ብለሽም ቀጭኑን አትመኚ። ስስ አልሙኒየም አንድ ጊዜ ጥግ ሲነካ ይጎደጉዳል፣ አይመለስም። ጥሩ ፕላስቲክ ታጥፎ ይመለሳል። ማግኒዚየም ቅይጥ የሆኑ ጠንካራ ላፕቶፖች ሲነኩ ፕላስቲክ ይመስላሉ። እጅሽ ይፍረድ። ክዳኑን በአንድ እጅ፣ ከመሃል ይዘሽ ክፈቺ፤ ከዚያ ከአንድ ጥግ ይዘሽ ክፈቺ። በሁለቱም ጊዜ የማጠፊያዎቹን ሥር ተመልከቺ። ፕላስቲኩ ከማጠፊያው ጋር አብሮ ከተነሳ፣ ወይም መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ከታየ፣ ተይው። ሚል ስታንዳርድ 810 የሚል ጽሑፍ ሊያሳዩሽ ይችላሉ። የአሜሪካ ጦር የዕቃ መፈተኛ ደንብ ነው፤ ግን ከብዙዎቹ ፈተናዎች የትኞቹን እንደሚወስድ የሚመርጠው አምራቹ ራሱ ነው። ስለ ማጠፊያው ምንም ላይነግርሽ ይችላል።

ዋጋ ላይ ስንመጣ፣ ሦስቱን በተለጠፈባቸው ዋጋ አታወዳድሪያቸው፤ ሥራሽን የሚሠሩበት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ስንት ይሆናሉ ብለሽ አስቢ። ሬቪትና ሉሚየን አብረው ሲከፈቱ 16 ጊጋባይት ራም ወዲያው ይጠብሻል፤ 32 ያስፈልግሻል። የወፍራሙ ራም ሁለት ማስገቢያ ስላለው ቆይተሽ መጨመር ትችያለሽ። ቀጭኑ ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ የገዛሽበት ቀን ያለው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ያቺ የሩብ ልዩነት ራሙን ገዝታ ትተርፋለች።

የወፍራሙ ደካማ ጎን ስክሪኑ ነው። የላክሽው ዝርዝር ስክሪኑ የሚያሳየውን የቀለም ስፋት «45 ከመቶ ኤንቲኤስሲ» ይለዋል። ይህ ማለት የተለመደውን የኤስአርጂቢ ቀለም ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ቀዩ ጡብ ደብዝዞ ይታይሻል፤ አንቺ ታደምቂዋለሽ፤ በሌላ ስክሪን ወይም በወረቀት ሲወጣ ይጮሃል። መምህራን ፊት የሚቀርብ ሥራ ነውና ይህን ቀላል ነገር ነው አልልም። ብዙ ጊዜ ያው ሞዴል በሁለት ስክሪን ይወጣል፤ «100 ከመቶ ኤስአርጂቢ» የሚለውን ጠይቂ። ትንሽ ቢጨምርም ጨምሪ። ካልተገኘ ራሙን አስቀድሚና ስክሪን ለብቻው ቆይተሽ ትገዢያለሽ።

ክብደቱን አልረሳሁም። ሦስት ኪሎ በየቀኑ ትከሻ ላይ ቀልድ አይደለም። ሬንደር የምታደርጊው የት እንደሆነ አስቢ። ማደሪያሽ ከሆነ ያን ትልቅ ቻርጀር እዚያው ተይው። አንዳንዶቹ ወፍራም ላፕቶፖች ለቀላል ሥራ በዩኤስቢ ሲ ትንሽ ቻርጀርም ይሞላሉ፤ ያንቺው የሚቀበል ከሆነ ትምህርት ቤት የምትወስጂው ያንን ነው።

እኔ ብሆን ሁለተኛውን እገዛለሁ፤ ማጠፊያውን በእጄ ካየሁ በኋላ ብቻ። ከመክፈልሽ በፊት የምትሞክሪው ይሄን ነው፦ ብሌንደር የሚባለው የሥሪ ዲ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። አምስት ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሥዕል ሳታቋርጪ አራት ጊዜ ሬንደር አድርጊ፣ እያንዳንዱ የወሰደውን ጊዜ ጻፊ። አራተኛው ከመጀመሪያው ጋር ከተቀራረበ ላፕቶፑ ይተነፍሳል። አራተኛው በግልጽ ከረዘመ የሚታፈን ዕቃ ነው፤ ስሙ ምንም ይሁን አትግዢው። ሻጩ ሃያ ደቂቃ ለመጠበቅ እምቢ ካለሽ ሌላ ሻጭ ፈልጊ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጥያቄ፦ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ አለኝ። የፎቶ ሥራና ቀላል ቪዲዮ ነው የምሠራበት። በዝርዝሩ ላይ የግራፊክሱ ስም «አይሪስ ኤክስኢ» ይል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን «ዩኤችዲ ግራፊክስ» ይላል። ተታልዬ ነው? ካርድስ ማስገባት እችላለሁ?

መልስ፦ ካርድ ማስገባቱን ይተዉት፤ ላፕቶፕ ላይ ግራፊክስ ቺፕ በአብዛኛው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ስለ ስሙ ግን ከመበሳጨትዎ በፊት ራምዎን ይዩ። የራሱ ሜሞሪ የሌለው ግራፊክስ የሚጠቀመው የኮምፒውተሩን ራም ነው። አንድ ራም ብቻ ሲገባ መንገዱ አንድ መስመር ነው፣ ሁለት ሲገባ ሁለት መስመር ይሆናል። ኢንቴል ቺፑን አይሪስ ኤክስኢ ብሎ የሚጠራው ሁለቱ መስመሮች ሲሞሉ ነው፤ በአንድ ራም ያው ቺፕ ዩኤችዲ ተብሎ ይጠራል።

ታስክ ማኔጀር ከፍተው ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ላይ ይግቡ፤ ከሁለት ማስገቢያ አንዱ ብቻ መያዙን ካዩ መድኃኒቱ እጅዎ ላይ ነው። መጠኑና ፍጥነቱ ካለው ጋር አንድ የሆነ ሁለተኛ ራም ያስገቡበት። ከኮምፒውተሩ ዋጋ አንጻር ትንሽ ወጪ ነው፤ የራሱ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ የግራፊክስ ማሻሻያ አላውቅም። እንደገና ሲከፍቱት ስሙም ተቀይሮ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሥሪ ዲ አኒሜሽን መማር ጀምሯል። በተመደበው ገንዘብ ወይ ባለ 4 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ያለው አዲስ ላፕቶፕ፣ ወይ አርቲኤክስ 3070 ያለው ሦስት ዓመት የተሠራበት ላፕቶፕ ይገኛል። እኔ አሮጌ ዕቃ እፈራለሁ፣ እሱ አሮጌውን ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ ምርጫው ላይ ግን ከልጁ ጋር ነኝ። 4 ጊጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ለሥሪ ዲ ሥራ ጠባብ ነው፤ መማሪያ ፋይሎቹ ገና ከፍ ሲሉ ይሞላል። 3070ው 8 ጊጋባይት አለው። አዲስ ሆኖ የማይበቃ ዕቃ ከመግዛት አርጅቶ የሚበቃው ይሻላል፣ ያውም ከተመረመረ።

ባትሪው ማለቁን አስቀድመው ይገምቱ፤ ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፣ አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ልጅዎ ያወጣዋል። ከግማሽ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ፋኑ ሲሽከረከር የመፋቅ ድምፅ ካለው፣ እሱንም እንዲሁ። ከላይ ለተማሪዋ የነገርኳትን የሬንደር ሙከራ ልጁ ያድርገው፤ ሦስት ዓመት የተሠራበት ላፕቶፕ ቴርማል ፔስቱ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል አራተኛው ቢረዝም ወዲያው አይጣሉት፣ ጸድቶ እንደገና ይሞከር።

ማጠፊያውን ግን እርስዎ ራስዎ ይዩት። ሻጩ ከፍቶ ካሳየዎት ይዝጉትና ከጥጉ ይዘው ራስዎ ደግመው ይክፈቱት፤ ጆሮዎን ጠጋ አድርገው።